ለዘነበች ጆሮ የሚሆን ሄድፎን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው “ሥራህ ምን ነበር?” ሲለኝ መልሱ ይጠፋኛል። ካሴት አባዝቻለሁ፣ ዘፋኝ ቀድቻለሁ፣ በመጨረሻም አብነት ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሄድፎን ሸጫለሁ። ሁሉንም በአንድ ቃል ልጥራው ካልኩ “ሰሚ ነበርኩ” ማለት ይቀናኛል። ዘንድሮ ግን እሱንም መጠራጠር ጀምሬአለሁ። በጆሮው እንጀራ የበላ ሰው ቤቱ ውስጥ የሚነገረውን ሳይሰማ ከኖረ ምን ይባላል? ነገሩ እስከ ዛሬ ዞሮብኛል። ስጽፈው ይጠራልኝ እንደሆነ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ሥራ የጀመርኩት ጋሽ ወርቅነህ ዘንድ ነው። አብነት፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው፣ ቀጂው ግን እሳቸው ናቸው። ከፊት ለፊት ካሴት ይሸጣል፤ ከኋላ ግድግዳው በእንቁላል መያዣ ካርቶንና በአሮጌ ብርድ ልብስ የተለበጠ ክፍል አለ። ዘፋኙ እዚያ ገብቶ ይዘፍናል፣ ጋሽ ወርቅነህ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጠው ይቀዳሉ፣ እኔ ገመድ እጠቀልላለሁ። ደሞዜ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ይኼ ይበቃል።

ጋሽ ወርቅነህ ሲናደዱ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው ነበሩ። ሌላው ተቆጥቶ ሲጮህ እሳቸው ወደ ሹክሹክታ ይወርዳሉ፤ ሹክሹክታ ከጀመሩ ሁላችንም ወደ በሩ እናያለን። እሳቸው ባሉበት ቆሎ መቆርጠም ክልክል ነው። “ጥርስህ ሥራ ሲይዝ ጆሮህ ሥራ ይፈታል” ይሉኝ ነበር። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ውጭ ላለችው ሻጭ ይሰጣሉ፣ ኮታቸው ሲንኮሻኮሽ እንዳይሰማ አውልቀው ይሰቅላሉ፣ ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ። እኔ ደግሞ ጎበዝ ለመባል ድምፁን አስጮኸዋለሁ። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ሊጠፋ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ይቀንሱታል።

“ታደሰ፣ ሲጮህ ሁሉም ያምራል” አሉኝ አንድ ቀን። “ዝቅ አድርገህ ስማው። ያን ጊዜም ቃሉ ከተሰማህ፣ ጣት ክራሩ አውታር ላይ ሲያርፍ ከተሰማህ፣ ሄድፎኑ ደህና ነው። ካልተሰማህ ጌጥ ነው፣ ሚስማር ላይ ስቀለው።”

ከእሳቸው የተማርኩት ዋናው ነገር ለሁሉም ዘፈን የሚሆን አንድ ሄድፎን እንደሌለ ነው። ከበሮና ቤዝ ጊታር የሚወድ ሰው ጆሮውን ግጥም አድርጎ የሚዘጋ፣ ወፈር ያለ ድምፅ ያለው ይስማማዋል። የሰው ድምፅና ክራር፣ ወይም የሰው ድምፅና መሲንቆ ብቻ ከሆነ ግን ያ ውፍረት ጉሮሮውን ይሸፍነዋል፤ ዘፋኙ ጋቢ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል። ጠራ ያለ የሚመስለው ደግሞ አንዳንዴ ውሸታም ነው። “ሰ” እና “ሸ” በመጡ ቁጥር ጆሮ ይወጋል፣ ሁለት ዘፈን ሳትጨርስ አውልቀህ ትወረውረዋለህ። ጥሩው መሃል ላይ ያለው ነው። እሱን ለማግኘት የምታውቀውን ሰው ድምፅ ታሰማዋለህ። ሄድፎኑ ሰውየውን ሰውየው ካስመሰለው ትገዛዋለህ።

ሌላም ነገር ተምሬአለሁ፣ እሱ ነው አሁን የሚያስጨንቀኝ። ዘፋኝ ተቀድቶ የራሱን ድምፅ መጀመሪያ ሲሰማ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፤ “ይሄ እኔ አይደለሁም።” ትልቁም ትንሹም እንዲህ ነው የሚለው። ጋሽ ወርቅነህ ይስቃሉ። “የራስህን ድምፅ የምትሰማው በአጥንትህ በኩል ነው፣ እኛ የምንሰማህ በአየር ነው። ካሴቱ ከእኛ ጋር ነው የወገነው። ትለምደዋለህ” ይላሉ። እውነትም ይለምዱታል። እኔም ይህቺን ንግግር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኳት፤ በሥራ ዘመኔ ለስንት ሰው እንደደገምኳት እግዜር ይወቅ።

ካሴት ቤቱ ጅማ ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍት የተላክሁት እኔ ነበርኩ። የጅማው አለቃዬ ሐሳባቸው ሁሉ ቡናቸው ላይ የነበረ፣ ስለ ዘፈን ምንም ደንታ የሌላቸው ደግ ሰው ነበሩ። ዋናው ካሴት ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ይመጣል፣ እኔ አባዛለሁ። የማሽኑን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ብረት፣ በአልኮልና በጥጥ ስጠርግ እውላለሁ። የቅጂ ቅጂ እየሆነ ሲሄድ ድምፅ ይደበዝዛል፤ መጀመሪያ የአውታሩ ጫፍ ይጠፋል፣ ቀጥሎ የዘፋኙ ትንፋሽ። ያም ሆኖ ይሸጥ ነበር።

ካሴት ሞቶ ሲዲ ሲመጣ አዲስ አበባ ተመልሼ በአንድ ስቱዲዮ ተቀጠርኩ። እዚያ የማልረሳው አንድ መሲንቆ ተጫዋች አለ። ሽማግሌ ነው፣ መንገድ ላይ ሲጫወት ሰው ያስለቅሳል፤ ሄድፎን ስናደርግለት ግን ቅኝቱ ይጠፋበታል። አለቃዬ “አርጅቷል፣ መልሱት” አሉ። እኔ ግን ጆሮው ሳይሆን የታፈነው እሱ ራሱ እንደሆነ ጠረጠርኩ። የሚዘጋውን አንስቼ ጀርባው ወንፊት የሆነውን፣ አየር የሚያስገባውን ሄድፎን አደረግሁለት። ሰውየው ራሱንም ሙዚቃውንም እኩል ሰማና እንደ ውሃ ፈሰሰ። የዚያን ቀን አለቃዬ ምሳ ጋበዙኝ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሁሉን ነገር ኮምፒውተር ያስተካክለዋል ተባለና እኔን የሚፈልገኝ ጠፋ።

እንጀራዬን የጨረስኩት ሰሚራ ሱቅ ነው። ሰሚራ የስልጤ ልጅ ናት፣ ሳቂታ፣ ንግድ የምታውቅ። ሱቋ የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና ሄድፎን ይሸጥበታል። ገዢ ይመጣና “ቤዝ አለው?” ይላል። እኔ ደግሞ “ምን ዓይነት ዘፈን ነው የምትሰማው?” እላለሁ። ክራር እወዳለሁ ካለኝ ውዱን አስቀምጬ ርካሹን አነሳለታለሁ።

“ጋሽ ታዴ፣ እርስዎን የቀጠርኩት እንዲሸጡልኝ ነው ወይስ ገዢ እንዲመክሩልኝ?” ትለኛለች። ባንኮኒው ስር አንድ ጀርባው ወንፊት የሆነ ሄድፎን ነበራት፤ ድምፁ ወደ ውጭ ስለሚያመልጥ ታክሲ ውስጥ አይሆንም እያሉ የሚገዛው አጥቶ አቧራ ይጠጣል።

እንግዲህ ወደ ዘነበች ልምጣ። ዘነበች ሚስቴ ናት። ወጣት ሳለች በሰፈሩ የኪነት ቡድን ውስጥ ትዘፍን ነበር። እኔ ጅማ ሳለሁ ጋሽ ወርቅነህ ቤት የተለያዩ ዘፋኞች ያሉበት አንድ ካሴት ወጣ፤ ከዘፈኖቹ አንዱ የሷ ነው፣ ስሟም ሽፋኑ ላይ አለ። ካሴቱን ስትሰማ እንደማንኛውም ዘፋኝ “ይሄ እኔ አይደለሁም” አለች። ጋሽ ወርቅነህ ስለ አጥንትና ስለ አየር ነገሯት። ከዚያ በየሠርጉ ስትጠራ ሰው “በካሴቱ ሌላ ነሽ፣ በካሴቱ ታምሪያለሽ” ይላት ጀመር። ከገዛ ካሴቷ አንሳ ተገኘች ማለት ነው። አንድ ቀን ከሠርግ ቤት መጥታ ነጠላዋን ወንበር ላይ ጣለችና “በቃኝ” አለች። ገና ሳንጋባ፣ ዘፈን በዚያው ቀረ። የልብስ ስፌት ይዛ ስትሠራ ኖረች፤ በትዳራችን ሙሉ ስታንጎራጉር እንኳ ሰምቻት አላውቅም።

ካሴቱ በሬዲዮ በመጣ ቁጥር ግን “ታደሰ፣ ያቺ እኔ አይደለሁም” ትለኝ ነበር። እኔም የጋሽ ወርቅነህን ንግግር እደግምላት ነበር።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ጆሮዋ መድከም ጀመረ። የጆሮ ሐኪሙ የደከመው ነርቩ መሆኑን፣ የሄደው እንደማይመለስ፣ ቀሪውም ቀስ እያለ እንደሚሄድ ነገራት። ከልደታ ማርያም ቁልቁል ወደ ኮንዶሚኒየማችን ወረድን። ደረጃው ላይ ቆም አለችና፣

“አንተ ሰውዬ፣ የሰውን ሁሉ ጆሮ ስትለካ ኖረሃል” አለችኝ። “ለእኔ አንድ ደህና ሄድፎን ምረጥልኝ። ጆሮዬ ሳይዘጋ ራሴን አንዴ ልስማ። እኔ ከሆንኩ እኔ ነኝ ብዬ ልረፍ።”

ይህን ያህል የተሰማኝ የሥራ ትእዛዝ የለም። የድሮ ባልደረባዬን አስቸግሬ ከመጀመሪያው ዋና ካሴት የተገለበጠውን በቴሌግራም አስላክሁ። ከአሮጌው አምፕሊፋየሬ ጋር አያያዝኩት። ሰሚራም “ሳይቆሽሽ ይመልሱልኝ” እያለች ከመደርደሪያዋ ሄድፎን ታውሰኝ ጀመር።

መጀመሪያ ለስላሳ ቆዳ ያለውን፣ ጆሮ የሚዘጋውን ወሰድኩ። የደከመ ጆሮ የውጭ ጫጫታ ባይገባበት ይሻለዋል ብዬ ነው። ዘነበች ሰማችና አውልቃ ሰጠችኝ። “ሴትየዋ ጉሮሮዋን ይዟታል” አለች። ጠራ ያለውን አመጣሁ፤ እሱ ደግሞ “እየተቆጣችኝ ነው የምትዘፍነው” ተባለ። ሦስተኛው ደህና ነበር፣ እኔ ራሴ ሰምቼ ወድጄዋለሁ፣ እሷ ግን ድምፁ ቀጭን ሆነባት። ዞር ብዬ ሳያት ሄድፎኑ የተቀመጠው በሻሿ ላይ ነው። ጨርቁ ጆሮዋንና የሄድፎኑን ትራስ አለያይቶ ወፍራሙ ድምፅ በክፍተቱ ይወጣል። ስንት ሻሽ ያሰረች ሴት ሄድፎን ሸጬላታለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሻሿን ፈታች፣ ድምፁም ሞላ።

“አሁንስ?”

“አሁን በደንብ ይሰማል።”

“ታዲያ አንቺ ነሽ?”

“አይደለሁም አልኩህ እኮ።”

ግራ ገባኝ። ሄድፎኑ ካልሆነ ጆሮዋ ነው አልኩ። ጆሮ ሲደክም ቀጭኑን ድምፅ መስማት አስቀድሞ ስለሚጠፋ ድምፅሽ የተለወጠብሽ ለዚህ ነው ብዬ ላስረዳት ስጀምር ሳቀች።

“የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አሉ! ጆሮዬ ደህና በነበረ ጊዜስ ይህንኑ አይደል ያልኩህ?”

እውነቷን ነው። ያን ጊዜ ነው ሌላ ፍርሃት የገባኝ። እናቷ በመጨረሻ ዘመናቸው የልጆቻቸውን ስም ረስተው ነበር። የራሷን ድምፅ የምትክድ ሴት ነገ እኔንስ ብትክደኝ? ጠዋት ስትነሳ እንዴት እንደምታየኝ፣ በምን ስም እንደምትጠራኝ እየጠበቅሁ መቆም ጀመርኩ። ለሰሚራ ስነግራት እንባዬ መጣ። ሰሚራ አልሳቀችብኝም፤ ባንኮኒው ስር ጎንበስ ብላ ያን የሚገዛው ያጣውን ሄድፎን አወጣችና አቧራውን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገችው።

“ይሄ ብቻ ነው የቀረኝ። ለመሲንቆው ሰውዬ ጠቅሞ የለ? ምን ይታወቃል፣ ለእትዬ ዘኑም ይሆን ይሆናል። ደግሞ አይመልሱልኝ፣ ቦታ ነው የያዘብኝ።”

ዘነበች ሻሿን ፈታ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩላት። ክራሩ ገባ። ዘፈኑ ሲጀመር ፊቷ አልተለወጠም። የተቀባዮቹ ቦታ ሲደርስ ግን እጇን ወደ ግራ ጆሮዋ ሰደደች፣ አንድ ሰው ከኋላዋ የጠራት ይመስል ዞረች።

“መልሰው” አለችኝ።

መለስኩት። ደግማ ሰማችና ቀና ብላ አየችኝ።

“እኔ ከኋላ ነኝ። ከተቀባዮቹ ጋር። ሁለቱ ከገቡ በኋላ ዘግይታ የምትገባዋ እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜ እሱ ነበር ጥፋቴ። ከፊት ያለችው ሌላ ሰው ናት።”

ሄድፎኑን ከእጇ ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። በተዘጋው ሄድፎን ሁሉም ግንባሬ ላይ ተደራርቦ ነበር የሚሰማው፤ በዚህኛው ግን ሰዎቹ ሜዳ ላይ የቆሙ ያህል ተራርቀዋል። በቀኝ በኩል አንዲት ሴት ትመራለች። በግራ በኩል፣ ከክራሩ ጀርባ፣ ሦስት ሴቶች ይቀበላሉ። ከሦስቱ አንዷ ዘግይታ ትገባለች። ድምፁን አውቀዋለሁ። ከበረንዳችን ላይ የጎረቤት ሰው ስትጠራ የምትጠራበት ድምፅ ነው፤ ምሳ ደርሷል የምትለኝ ድምፅ ነው። የምትመራዋን ሴት ግን አላውቃትም።

ቀረጻው ሁለት ቀን እንደነበረ ዘነበች አስታወሰችኝ። በመጀመሪያው ቀን ሦስቱ ሆነው ተቀበሉ። በሁለተኛው ቀን እሷ መሪውን ስትዘፍን ጉንፋን ይዟት ድምፏ ተሰነጠቀ፤ “ግድ የለም፣ ደህና ነው፣ ይስተካከላል” ብለው ሸኟት። ካሴቱ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ መድረስ ነበረበት። መሪውን በሌላ ሴት አዘፍነው የዘነበችን ስም ሽፋኑ ላይ ትተውት ኖሯል። ማን አዘዘ? ያቺ ሴት ማን ናት? ከሠራተኛው ማን ማን ያውቅ ነበር? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ጋሽ ወርቅነህ፣ ጣት አውታር ላይ ሲያርፍ የሚሰሙት ሰውዬ፣ ያቺን የአጥንት ንግግር ለዘነበች ሲነግሯት እያወቁ ነበር? ወይስ የካሴት ቤቱ ባለቤት ከጀርባቸው ነው ያደረገው? ከሞቱ ቆይተዋል፤ መቃብራቸው ላይ ሄጄ አልጠይቅም። አንዳንድ ቀን እፈርድባቸዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እኔስ ስንት ጊዜ ደገምኩላት እላለሁ።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የመጣ ሐሳብ ነው። በዚያች ሰዓት ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ የደነገጥኩት በሌላ ነገር ነበር። ያንን ዘፈን ጅማ ላይ ያባዛሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን ነበርኩ፣ ወጣት ነበርኩ፣ ቀኑን ሙሉ ያቺ ሴት ጆሮዬ ውስጥ ትዘፍን ነበር። ድምፁ ያዘኝ። ከሽፋኑ ላይ ስሟን አንብቤ፣ ለእረፍት አዲስ አበባ ስመጣ አብነትን ዞሬ “ዘነበች የምትባለዋ ዘፋኝ ቤቷ የት ነው?” ብዬ የጠየቅሁት በዚያ ድምፅ የተነሳ ነው። ይህን ታሪክ ስንጋባ ሚዜዎቼ አውርተውታል፣ ለእንግዳ ሁሉ ስናወራው ኖረናል። እንዳታስታውሰው ጸለይኩ።

ዘነበች ምን የምትረሳ ሴት ናት! ወደ እኔ ዞረችና፣

“አንተ ታዲያ ፈልገህ የመጣኸው ማንን ነው?” አለችኝ።

“አንቺን” ብል ውሸት ሊሆን ነው። “እሷን” ብል ደግሞ ከዚያ የባሰ ውሸት ነው፤ አላውቃትማ! አንድም ቀን ሻይ አላፈላችልኝም፣ አንድም ቀን አልተቆጣችኝም፣ ስታመም አጠገቤ አልተቀመጠችም።

“አላውቅም፣ ዘኑ። ግራ ገብቶኛል” አልኳት። ሄድፎኑንም አወለቅሁት።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ትንሽ አለቀሰች፣ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና፣ “ጎበዝ ናት እኮ፣ ያቺ ሴትዮ” አለች። “በእሷ ነው ሰው ሁሉ ሲመዝነኝ የኖረው። እኔም ራሴን የመዘንኩት በእሷ ነው። ከራሴ ማነሴ ነበር የሚገርመኝ፤ እንዴት ሰው ከራሱ ያንሳል?” ከዚያ ሄድፎኑን ከእጄ ወሰደችና መልሳ አጠለቀችው። “አጥፋልኝ እሷን። እኔን ብቻ አሰማኝ።”

እንዲህ ዓይነት ነገር አይቻልም ልላት ነበር። አንዴ የተቀላቀለ ድምፅ አይለይም፣ ይኼም ሙያችን ነው። ግን መሪዋ በቀኝ፣ ተቀባዮቹና ክራሩ በግራ ናቸው። ድምፁን ወደ አንድ ጆሮ የሚያዘነብለውን የአምፕሊፋየሩን ባላንስ ይዤ ወደ ግራ አዞርኩት፤ እስከ መጨረሻው።

ዘነበች ዓይኗን ጨፈነች። ክራሩ መጥቶ መሆን አለበት፣ ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ተንቀሳቀሱ። የመሪዋ ቦታ ደረሰ፣ ባዶ ነው፣ ማንም የለበትም። ዘነበች በዚያ ባዶ ቦታ ገባች። ሄድፎን ያደረገ ሰው የድምፁን መጠን ስለማያውቀው ጮክ ብላ፣ ቤቱን ሞልታ፣ ካቆመች ስንት ዘመን የሆናትን ዘፈን ትዘፍነው ጀመር። ስንኙን ስትጨርስ ዝም ትላለች፣ ወጣቷ ዘነበች ከኋላ ትቀበላታለች፣ እሷ እየሰማች ፈገግ ትላለች፣ እንደገና ትገባለች። ኮሪደሩ ላይ የሚያልፍ ሰው እግሩን ሲገታ ሰማሁ። አንዲት ጎረቤት በሩን ገፋ አድርጋ አየችንና እዚያው ቆመች።

ድምፏ ሻክሯል። ከሄድፎኑ የሚያመልጠው ቀጭን ድምፅ በእሷ ድምፅ ስር ጠፍቶብኝ ስለነበር ከክራሩ ጋር ትሂድ አትሂድ፣ ቅኝቱን ትያዝ አትያዝ፣ ዘግይታ ትግባ አትግባ አላውቅም። የሰው ዘፈን ስመዝን ኖሬ ያንን ዘፈን መመዘን አልቻልኩም። ሄድፎኑ እሷ ጆሮ ላይ ነበር፤ እኔ ወንበሬን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።